የከተማን የእግር ኳስ ስታዲየም ታሪክ እንዴት መርምሮ መጻፍ ይቻላል

ኤፕሪል 28 ቀን 1923 በለንደን አዲስ የተሠራው የዌምብሌይ ስታዲየም በቦልተን ዎንደረርስና በዌስትሃም ዩናይትድ የኤፍኤ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ተከፈተ። በመዝገብ የሰፈረው የተመልካች ቁጥር 126,047 ነው። ይሁን እንጂ በሩን ጥሶና አጥሩን ዘልሎ የገባው ሕዝብ ስላልተቆጠረ፣ በዕለቱ በስፍራው የነበረው ሰው 200,000 ይደርስ ነበር የሚሉ አሉ፤ 300,000 የሚያደርሱትም አልጠፉም። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶት ስለነበር ጨዋታው የተጀመረው ፈረሰኛ ፖሊሶች ቀስ በቀስ ወደ መስመሩ ዳር ገፍተው ካስወጡት በኋላ፣ ከቀጠሮው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ከፈረሶቹ አንዱ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ደምቆ በመታየቱ ዕለቱ እስከ ዛሬ «የነጩ ፈረስ ፍጻሜ» እየተባለ ይጠራል፤ ፈረሱ ግን ግራጫ ነበር።

የስታዲየም ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከዚህ አንድ ቀን ብዙ ይማራል። የተቆጠረ ቁጥር አለ፣ የተገመተ ቁጥር አለ፣ ካሜራ ያሳየው ቀለም አለ፣ በሰው አፍ የጸና ስም አለ። አራቱም የታሪኩ አካል ናቸው፤ በምስክርነት ግን እኩል አይደሉም። በእኔ እምነት የጸሐፊው ዋና ግዴታ እያንዳንዱን ነገር በምስክርነቱ ልክ ማስቀመጥ፣ ወረቀቱን በቦታው፣ ቦታውንም በወረቀቱ መመርመር ነው። የግብና የዋንጫ ዝርዝር ማንም ሊያጠናቅረው ይችላል፤ ስታዲየሙ ራሱ እንዴት እንደኖረ የሚናገር ጽሑፍ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፍዎን በዓመተ ምሕረት የሚያዘጋጁ ከሆነ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሚሆን፣ ወሩ ያልታወቀን ዓመት በግምት አይለውጡ፤ ምንጩ እንዳስቀመጠው ይተዉት።

ከመሬቱ መጀመር

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከመክፈቻው ጨዋታ ነው፤ እኔ ግን ቢያንስ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሄዶ መሬቱ ምን እንደነበረ መጠየቅ ይሻላል እላለሁ። ዌምብሌይ የቆመበት ስፍራ ኤድዋርድ ዋትኪን የተባሉ የባቡር ኩባንያ ባለሀብት ከፓሪሱ አይፈል ማማ የሚበልጥ ማማ ለመሥራት አስበው፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ሳያልፍ የቀረበት ኮረብታ ነው። ማማው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፈረሰ፤ መሠረቱ ግን መሬት ውስጥ ቀርቶ ቆየና በ2002 ለአዲሱ ስታዲየም ሲቆፈር ብቅ አለ። በዋርሶ ደግሞ በ1955 የተከፈተው የአሥረኛው ዓመት ስታዲየም ግዙፍ የተመልካች እርከኖች የተደለደሉት በጦርነቱ ከወደመችው ከተማ ፍርስራሽ ነበር። ሰዎች ተቀምጠው ኳስ የተመለከቱት በፈረሰ የገዛ ከተማቸው ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ሳይጠቅሱ የስታዲየሙን ታሪክ መጻፍ እንዴት ይቻላል?

ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልጉት ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ በስፖርት መዛግብት ውስጥ አይገኙም። የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የማዘጋጃ ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር ንድፍ፣ የቆየ የከተማ ካርታ እና የአየር ፎቶግራፍ መፈለግ ይኖርብዎታል። ቃለ ጉባኤ ሲያነብቡ ውሳኔውን ብቻ አይቅዱ፤ ውሳኔውን የተቃወመው ማን እንደነበረና በምን ምክንያት እንደተቃወመ ይመዝግቡ። በስፍራው ይኖር ወይም ያርስ የነበረ ሰው ካለም የት እንደሄደና ካሳ አግኝቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ጥያቄ በተከታታይ ጽሑፎች ውስጥ የመዘለል ልማድ አለው።

የተለያየ ዘመን ካርታዎችን ለማስተያየት በሁሉም ላይ ሳይንቀሳቀሱ የቆዩ ሦስት ወይም አራት ነጥቦች ይምረጡ፤ ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ መታጠፊያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጥሩ ምልክት ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ካርታዎቹን በአንድ ልኬት አስተካክሎ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ ርዝመቱ ከ100 እስከ 110 ሜትር፣ ስፋቱ ከ64 እስከ 75 ሜትር ስለሆነ፣ በአየር ፎቶግራፍ ላይ ለመለኪያነት ያገለግላል፤ ባለ 400 ሜትር የመሮጫ መም ያለበት ስታዲየም ከሆነ ደግሞ ሞላላው ቅርጽ ከሩቅ ይለያል። በሞንቴቪዴዮ የነበረው ፖሲቶስ ሜዳ ለዚህ ማስረጃ ነው። ጁላይ 13 ቀን 1930 ፈረንሳዊው ሉሲየን ሎራን የዓለም ዋንጫን የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረው እዚያ ነው፤ ሜዳው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሶ መንገድና ቤት ተሠራበት፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ አሮጌ ፎቶግራፎችና ካርታዎች ተመርምረው የግቡ ስፍራ ስለተለየ ዛሬ በመኖሪያ ሰፈር መካከል መታሰቢያ ቆሞለታል።

ስም እና የመክፈቻ ቀን

አንድ ስታዲየም በዕድሜው ሁለት ሦስት ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ መዛግብት ከመፈለግዎ በፊት የስሞቹን ዝርዝር ከነዘመናቸው ያዘጋጁ። የማድሪዱ ሳንቲያጎ በርናባው በዲሴምበር 1947 ሲከፈት አዲሱ ቻማርቲን ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ1955 ነው። በሚላን ሰዎች ሳንሲሮ የሚሉት ከ1980 ጀምሮ በይፋ የሚጠራው በጁሴፔ ሜያትሳ ስም ነው። የሪዮ ዴ ጃኔይሮው ማራካና ከ1966 ወዲህ ይፋዊ ስሙ የጋዜጠኛው የማሪዮ ፊልዮ ነው፤ ሕዝቡ ግን የሰፈሩን ስም አልለቀቀም። ባርሴሎና ውስጥ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በ1957 የተከፈተው ስታዲየም ካምፕ ኑ፣ ማለትም አዲሱ ሜዳ፣ የሚለውን የሕዝብ ስም በይፋ የተቀበለው በ2000/2001 የውድድር ዘመን የክለቡ አባላት ድምፅ ከሰጡ በኋላ ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹን ጋዜጣ በዛሬው ስም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «መዝገብ የለም» ብሎ ለመደምደምም ይቸኩላል።

የመክፈቻ ቀን ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠበት ቀን፣ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ይፋዊው የምረቃ ሥነ ሥርዓትና ግንባታው በእርግጥ የተጠናቀቀበት ጊዜ አራት የተለያዩ ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። የማራካና ግንባታ በኦገስት 1948 ተጀመረ፤ ስታዲየሙ በጁን 1950 ተከፈተ፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ ተጠናቀቀ የተባለው ግን በ1965 ነው። ለ1930 የዓለም ዋንጫ የተሠራው የሞንቴቪዴዮ ሴንቴናሪዮ ደግሞ ዝናብ ግንባታውን ስላዘገየው ውድድሩ ጁላይ 13 ሲጀመር ገና አልደረሰም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በሌሎች ሜዳዎች ተካሂደው ስታዲየሙ የተከፈተው የኡራጓይ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት መቶኛ ዓመት በሆነው በጁላይ 18 ነው። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በጽሑፍዎ «ተከፈተ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ ከአራቱ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ይግለጹ።

ፎቶግራፍ ዘመኑን እንዲናገር ማድረግ

ከሥራው ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ እንኳ በትዕግሥት ካዩት ዓመቱን ሊጠቁም ይችላል። መጀመሪያ የሚመለከቱት ተጫዋቾቹን ሳይሆን መስመሮቹን ይሁን። ዛሬ የምናውቀው አራት ማዕዘን የፍጹም ቅጣት ምት ክልል የተደነገገው በ1902 ነው፤ ከ1891 እስከዚያ ድረስ ከግቡ ፊት በሜዳው ስፋት ልክ የሚዘረጋ መስመር ነበር፣ የግብ ጠባቂውም ክልል ከሁለቱ የግብ ቋሚዎች የሚነሣ ክብ ቅርጽ ነበረው። በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ አናት ላይ የሚታየው ግማሽ ክብ የተጨመረው ደግሞ በ1937 ነው። እንግዲህ ግማሽ ክቡ በግልጽ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከ1937 በፊት ሊነሣ አይችልም። ተቃራኒው ግን በዚያው ልክ አስተማማኝ አይደለም፤ ትንንሽ ሜዳዎች አዲሱን ሕግ ዘግይተው ሊከተሉ፣ ኖራውም በዝናብ ታጥቦ ሊሆን ይችላልና። ያለ ነገር ከሌለ ነገር የበለጠ ይመሰክራል፤ ይህን ልዩነት በሥራዎ ሁሉ ይጠብቁት።

ከመስመሩ ቀጥሎ ማልያውን ይመልከቱ። በእንግሊዝ ሊግ በማልያ ላይ ቁጥር ማድረግ ግዴታ የሆነው በ1939 ሲሆን፣ በዓለም ዋንጫ ላይ ቁጥር የታየው በ1950 ነው። ጥቁርና ነጭ ቁራጮች ያሉበት ኳስ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በ1970 የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ነው። ከዚያ ዐይንዎን ወደ ጀርባው ያንሡ፤ የፓውዛ ምሰሶ አለ ወይስ የለም? ጥላ ፎቁ ከእንጨት ነው ወይስ ከሲሚንቶ? ተመልካቹ ቆሟል ወይስ ተቀምጧል? የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ የትኛውን ሸቀጥ ያስተዋውቃሉ? ከስታዲየሙ ውጭ የሚታየው ሕንፃ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ከቻሉ ፎቶግራፉ ከዚያ ዓመት በኋላ መነሣቱን አረጋገጡ ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ከታየ ፊልሙ በስተጀርባው ታትሟልና ግራና ቀኙን ከመግለጽዎ በፊት ያስተካክሉት። ጥላዎችም ይረዳሉ፤ የሜዳውን አቅጣጫ ካወቁ ጥላው ወደየት እንደወደቀ አይቶ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ መለየት ይቻላል።

ቁጥሮች

የአንድ ስታዲየም የመያዝ አቅም ቋሚ ቁጥር አይደለም። ሰው ቆሞ በሚመለከትበት ዘመን የተነገረውን ቁጥር ወንበር ከተተከለ በኋላ ከተነገረው ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ስለሆነም አቅሙን ሲጠቅሱ ዓመቱንና ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ የሚለውን አብረው ይጻፉ። የተመልካች ቁጥርም እንዲሁ ነው። ጁላይ 16 ቀን 1950 ኡራጓይ ብራዚልን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት የማራካና ጨዋታ 173,850 ሰዎች ከፍለው መግባታቸው ተመዝግቧል፤ በብዙ ጽሑፎች የሚጠቀሰው 199,854 ግን ከፍሎ ከገባው ሌላ ያለውን ሕዝብ የሚጨምር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ አንዱን ስሕተት ማለት አይገባም። በግላስጎው ሀምደን ፓርክ በ1937 ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ስትጫወት የተመዘገበው 149,415 በይፋ የተቆጠረ ነው፤ በአጥር የገባ ሰው ካለ ግን እርሱም ቢሆን ከቆጠራው ውጭ ነው።

ሰው የሞተበት ቀን

በብዙ ስታዲየሞች ታሪክ ውስጥ አደጋ አለ። ይህን ክፍል የሚጽፍ ሰው ከሌላው ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ የሟቾች ቤተሰቦች ጽሑፉን ያነባሉና። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይፋዊ ሪፖርት ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ከሚለው እምነት መላቀቅ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ ሕይወታቸው ያለፈው ሰዎች ቁጥር ዛሬ 97 ነው፤ የመጨረሻው ሟች ጉዳቱን ተሸክሞ ኖሮ ያረፈው በ2021 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የታተሙ ጽሑፎች 96 ይላሉ። ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀኖች ጥፋቱ በደጋፊዎች ላይ ተለጠፈ። በ2012 ሰነዶቹን የመረመረው ገለልተኛ ቡድን ከፖሊሶች ምስክርነት 164ቱ በከፍተኛ ደረጃ መለወጣቸውን፣ ከእነዚህም በ116ቱ ላይ ፖሊስን የሚነቅፉ ቃላት መሰረዛቸውን ወይም መቀየራቸውን ይፋ አደረገ፤ በ2016 ደግሞ የፍርድ ሸንጎ ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ጥፋተኛ እንዳልሆኑ ወሰነ። ቤተሰቦቹ ይህን ቃል ለመስማት 27 ዓመት ጠብቀዋል። በዚያ መካከል በይፋ የተጻፈውን ብቻ እየገለበጠ ታሪክ የጻፈ ሰው ሳያውቀው የሐሰት መልእክተኛ ሆኗል።

ዝምታም ሰነድ ነው። በሞስኮ ሉዥኒኪ ኦክቶበር 20 ቀን 1982 በስፓርታክና በሀርለም ጨዋታ መጨረሻ ላይ በደረሰው መረጋገጥ 66 ሰዎች መሞታቸው በይፋ የታወቀ ቢሆንም፣ በጊዜው የሶቪየት ጋዜጣ አንባቢ ያገኘው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነበር፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት የወጣው በ1989 ነው። ስለዚህ በአደጋው ማግስት የታተመው ጋዜጣ ምንም ካላለ፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የታተሙትንም ይመልከቱ፤ የሆስፒታልና የቀብር መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የመታሰቢያ ሐውልት ጽሑፍ ያስተያዩ።

አደጋው በሕንፃው ላይ ያመጣውን ለውጥ መከተልም ያስፈልጋል። በ1902 ግላስጎው በሚገኘው ኢብሮክስ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ጨዋታ ጊዜ የእንጨት እርከን ተደርምሶ 25 ሰዎች ሞቱ፤ ስታዲየሙን የነደፈው አርክቴክት አርቺባልድ ሊች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ባለ የእንጨት እርከን ፈንታ በአፈር ድልድልና በሲሚንቶ መሥራት ተለመደ። ከሂልስቦሮ በኋላ በጃንዋሪ 1990 የወጣው፣ አደጋውን የመረመሩት የፍርድ ቤት ዳኛ የቴይለር ሪፖርት የእንግሊዝ ትልልቅ ስታዲየሞች መቀመጫ ብቻ እንዲኖራቸው መንገዱን ከፈተ። ዛሬ አንድ ተመልካች ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያ ወንበር ለምን እዚያ እንደተተከለ ጽሑፍዎ ሊነግረው ይገባል።

ኳስ ያልነበረባቸው ቀኖች

የጨዋታ መዝገብ ባዶ የሆነባቸውን ወራት በተለይ ይፈልጉ። ኦልድ ትራፎርድ በማርች 1941 በቦምብ ተመትቶ ማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ቤቱ የተመለሰው በኦገስት 1949 ነው። በሳንቲያጎ የሚገኘው የቺሊ ብሔራዊ ስታዲየም ደግሞ በሴፕቴምበር 1973 መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የታሰሩበትና የተሰቃዩበት ስፍራ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዋን እዚያ ለመጫወት ፈቃደኛ ባለመሆኗ ኖቬምበር 21 ቀን የቺሊ ተጫዋቾች ተጋጣሚ በሌለበት ሜዳ ኳሱን ወደ ባዶ ግብ አስገቡ። በስታዲየሙ ውስጥ አንድ የአሮጌ እንጨት መቀመጫ ክፍል ሳይታደስ ለመታሰቢያነት ተጠብቋል፤ በዙሪያው ያሉት ወንበሮች ሁሉ አዲስ ሲሆኑ እርሱ ብቻ እንደነበረ አለ። ደስታም ቢሆን ከጨዋታ ውጭ ይመጣል፤ ኔልሰን ማንዴላ ከእስር በተፈቱ በሁለተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1990፣ በጆሃንስበርግ ያገኙት ሕዝብ የተሰበሰበው በእግር ኳስ ስታዲየም ነው። ስብሰባ፣ ጸሎት፣ ሙዚቃ፣ ገበያ፣ መጠለያ፦ ስታዲየሙ ያስተናገደው ሁሉ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

በሕይወት ያሉ ምስክሮች

ተጫዋቾችን ሁሉም ይጠይቃቸዋል። ሣሩን ሲያጭድና ኖራ ሲያሰምር የኖረው ሠራተኛ፣ ትኬት ቆራጩ፣ በረኛው፣ የመብራት ባለሙያው፣ በአጥሩ ሥር ሸቀጥ የሚሸጡት ሰዎች ግን ስታዲየሙን ባዶ ሆኖም ያውቁታል፤ ቀድመው እነርሱን ያነጋግሩ። «በዚያ ዓመት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ፍሬ አይሰጥም፤ ሰው ዓመትን ይረሳል፣ የቆመበትን ስፍራ ግን አይረሳም። ከተቻለ ምስክሩን ወደ ስታዲየሙ ይውሰዱ፤ ካልተቻለም አሮጌ ፎቶግራፍ ፊቱ አስቀምጠው «የት ነበሩ? ከአጠገብዎ ማን ነበረ? በየትኛው በር ወጡ?» ብለው ይጠይቁ። ድምፅ ከመቅዳትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ስሙ እንዳይጠቀስ የሚፈልግ ሰው ካለ ቃልዎን ይጠብቁ። ሁለት ምስክሮች ካልተስማሙ ለማስታረቅ አይሞክሩ፤ ሁለቱንም ይጻፉ፣ ከሰነድ ጋር የሚስማማው የትኛው እንደሆነም ይግለጹ።

ማዋቀርና መጻፍ

ጽሑፉን በክለቡ ድሎች ከመከፋፈል ይልቅ በሕንፃው ለውጦች መከፋፈል የተሻለ ነው። ሳንሲሮን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ1926 የኤሲ ሚላን ሜዳ ሆኖ ሲከፈት፣ በ1935 ወደ ከተማው ይዞታ ሲዛወር፣ በ1947 ኢንተር ሲገባበት፣ በ1950ዎቹ ሁለተኛው ፎቅ ሲጨመርና ለ1990 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛው ፎቅ ሲደረብ ምዕራፎቹ በራሳቸው ይለያሉ። በየምዕራፉ ማን ከፈለ፣ ማን ገነባ፣ ማን ገባ፣ ማን ውጭ ቀረ የሚሉትን ጥያቄዎች ይመልሱ። ምንጭዎን ለጽሑፉ መጨረሻ አያስቀሩት፤ «በማዘጋጃ ቤቱ ቃለ ጉባኤ እንደተመዘገበው» ወይም «በበረኝነት ያገለገሉ አንድ ሰው እንደነገሩኝ» እያሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያስገቡት፤ አንባቢው የቱን ያህል ማመን እንዳለበት ወዲያው ይገነዘባልና።

ስታዲየሙ ፈርሶ ከሆነ ታሪኩ በመጨረሻው ጨዋታ አያበቃም፤ ቁሳቁሱ የት እንደሄደ ይከተሉ። የአሮጌው ዌምብሌይ ፍርስራሽ በምዕራብ ለንደን ኖርዞላ ፊልድስ በተባለው መናፈሻ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ሆኗል። አርሰናል በ2006 የለቀቀው ሀይበሪ መኖሪያ ቤት ሆኖ ሜዳው የነዋሪዎች የአትክልት ስፍራ ነው። በ1976 በሀምደን ፓርክ በተደረገው የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ የሴንት ኤቲየን ተጫዋቾች የመቷቸውን ኳሶች የመለሱት ባለ አራት ማዕዘን የግብ እንጨቶች ዛሬ በራሱ በሴንት ኤቲየን ክለብ ሙዚየም ይገኛሉ።

ስታዲየሙ ገና የቆመ፣ ነገር ግን እድሳት ወይም መፍረስ የሚጠብቀው ከሆነ ከመጻፍዎ በፊት ካሜራ ይዘው ይሂዱ። እያንዳንዱን በር ከነቁጥሩ፣ የትኬት መስኮቱን፣ ደረጃዎቹን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የቀለም ድርብርቡን፣ በግድግዳ ላይ የተጫሩትን ስሞች ያንሡ። ከአራቱ ማዕዘን ወደ መሐል ሜዳ የሚመለከቱ ፎቶግራፎች ያንሡና የቆሙበትን ነጥብ በንድፍ ላይ ያመልክቱ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ ማነጻጸር እንዲችል። በየፎቶግራፉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚታየውን ነገር ይጻፉ፤ አንድ ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ ለክለቡ ይስጡ፤ ሦስተኛውን ለራስዎ ያስቀምጡ።